እንቆቅልህ ብሎ አገር የወሰደ

በልጅነታችን ማታ ማታ ከምድጃው ዙሪያ ተቀምጠን እንቆቅልሽ ስንጫወት የታወቀ ሕግ ነበረን። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ይላል፤ ተጠያቂውም «ምን አውቅልህ» ብሎ ይቀበለዋል። መልሱ የጠፋው እንደ ሆነ «አገር ስጠኝ» ይባልና ጎንደርን ወይም ሐረርን ይሰጣል። ጠያቂው አገሩን ተቀብሎ፥ ገብቶበት፥ በልቶ ጠጥቶበት፥ በተረታው ልጅ ላይ ጥቂት ከቀለደ በኋላ መልሱን መናገር ግዴታው ነው። አገር ወስዶ መልሱን ሳይናገር ወደ መኝታው የሚሄድ ልጅ አይቼ አላውቅም። ቢኖር ኖሮ በማግሥቱ ምሽት «ምን አውቅልህ» የሚለው ባላገኘ ነበር።

መልሱም ቢሆን እንደ ተገኘ የሚወረወር ቃል አልነበረም። ሌሊትና ቀን ሲሄድ የማይደክመው ምንድን ነው ተብሎ «ወንዝ» የተባለ እንደ ሆነ፥ የሰማው ልጅ «ውይ! ይኼ እንዴት ጠፋኝ!» ብሎ ይቈጫል። ቍጭቱ የሚመጣው መልሱ ከመጀመሪያው ጀምሮ በጥያቄው ውስጥ ተቀምጦ ስለ ነበረ ነው። መልሱ «አንተ የማታውቀው አንድ ሰው» ቢባል ግን የሚቈጭ የለም፤ የሚናደድ እንጂ።

ይህን የልጅነት ሕግ ያነሣሁት ስለ አንድ የአሜሪካ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድርሰት ልናገር ፈልጌ ነው። ስሙ «ሎስት» ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ «የጠፉት» እንደ ማለት ነው። ከሲድኒ ተነሥቶ ወደ ሎስ አንጀለስ ይበር የነበረ አይሮፕላን በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል በምትገኝ ደሴት ላይ ተሰብሮ ይወድቃል፤ ከሞት የተረፉትም መንገደኞች ብዙ የማይገባ ነገር ያጋጥማቸዋል። በሙቅ አገር ጫካ ውስጥ ነጭ የበረዶ ድብ ይመጣባቸዋል። ዛፍ እየነቀለ ሰው የሚገድል ጥቍር ጭስ ያሳድዳቸዋል። ከጫካው ውስጥ ባለቤቱ የማይታይ ሹክሹክታ ይሰማል። በምድር ውስጥ በተቀበረ ቤት አንድ ሰው በየ108 ደቂቃው 4፥ 8፥ 15፥ 16፥ 23፥ 42 የሚሉትን ቍጥሮች በመሣሪያ ላይ እየመታ፥ ዓለምን ከጥፋት አድናለሁ ሲል ሦስት ዓመት ተቀምጦ ይገኛል። ድርሰቱ ኤ ቢ ሲ በተባለው ጣቢያ መታየት የጀመረው በሴፕቴምበር 22 ቀን 2004፥ ያለቀውም በሜይ 23 ቀን 2010 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)። በስድስት ምዕራፍ 121 ክፍል ታየ። ማስታወቂያው ሁሉ ወጥቶ ቢታሰብ እንኳ ከ80 ሰዓት የበለጠ የሰው ዕድሜ ይወስዳል። ይህን ያህል የሰጠ ተመልካች አገር ሰጥቷል ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

እኔና ታላቅ ወንድሜ ይህን ድርሰት አዲስ አበባ ከሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ዲስክ እየተከራየን አብረን እናየው ነበር። ወንድሜ የሒሳብ መምህር ነው። ቍጥሮቹን በሰማ ጊዜ ወዲያው ደምሮ 108 መሆናቸውን ነገረኝና «ይኼን የጻፈ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቡን ሰጠ። ነገር ግን በሦስተኛው ምዕራፍ፥ ጃክ የተባለው ሐኪም ክንዱን እንዴት እንደ ተነቀሰ የሚተርክ አንድ ሙሉ ክፍል መጣ። ወንድሜ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አየና «ይኼን ማን ጠየቃቸው?» ብሎ ተነሣ። «እኔ ከእንግዲህ አላይም። አንተ እስከ ፍጻሜው እይና መልሱን ብቻ ትነግረኛለህ» አለኝ። እሺ ብዬ ቃል ገባሁ።

ቃሌን የምፈጽምበት ቀን ከሦስት ዓመት በኋላ ደረሰ። አንድ እሑድ ከቤቱ ሄድሁ፤ ቡና ተፈልቶ ነበር።

«ጋሼ፥ ያ ነገር አለቀ እኮ» አልሁት።

«እህስ? ምን ኖሯል?»

«በደሴቲቱ ውስጥ ብርሃን አለ።»

«የምን ብርሃን?»

«ዋሻ ውስጥ ያለ ነው። እርሱ ከጠፋ ለሰው ሁሉ ጥፋት ነው ይላሉ።»

«ማን አኖረው?»

«አልተነገረም።»

«ጭሱስ?»

«አንድ ሰው ወደ ብርሃኑ ተጣለና ከዚያ ጭስ ወጣ።»

«ለምን ጭስ?»

ዝም አልሁ። ወንድሜም ዝም አለ። ሲኒ እየሞላች ታዳምጠን የነበረችው ሚስቱ ግን «ታዲያ ይኼን ለመስማት ነው ስድስት ዓመት ሙሉ ዓይንህን ስታፈስ ያመሸኸው?» አለችኝ።

በዚያ ቀን የተሰማኝ ኀፍረት እንግዳ ነበር። ድርሰቱን እኔ አልጻፍሁትም፤ ነገር ግን ባለዕዳው እንደ ጠፋበት ዋስ ሆኜ ተያዝሁ። ወንድሜ የጠየቀኝ ጥያቄ ረቂቅ አልነበረም፤ ማንም የሚጠይቀው ነው። እንዲያውም እንዲህ ብለን እንድንጠይቅ ያስተማረን ድርሰቱ ራሱ ነበር።

ስለዚህ ድርሰት ፍጻሜ የተነገረው ወቀሳ አብዛኛውን ጊዜ «ያልተመለሰው ጥያቄ በዛ» የሚል ነው። ያልተመለሰ መኖሩ እውነት ነው። በደሴቲቱ ላይ የጸነሱ ሴቶች ለምን ይሞቱ እንደ ነበር አልተነገረንም። ልዩ ነው ተብሎ የተጠለፈው ዎልት የተባለው ልጅ ልዩነቱ ምን እንደ ነበር አልተነገረንም። ለዎልት እንኳ ሰበብ አለው፤ በድርሰቱ ውስጥ ያለፈው ጊዜ ጥቂት ወራት ሲሆን፥ ተዋናዩ ልጅ ግን በእውነተኛው ዓለም በየዓመቱ እየረዘመ ሄደ። ይህን በማንም ላይ አልፈርድበትም። እኔን ያሳዘነኝ ያልተመለሰው ሳይሆን የተመለሰው ነው።

መልካም መልስ ምን እንደሚመስል ለማየት የፈለገ አንባቢ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ከዚሁ ድርሰት የመጀመሪያው ምዕራፍ አራተኛ ክፍል ይበቃዋል። የጻፈው ዴቪድ ፉሪ ነው። ጆን ሎክ የተባለው ራሰ በራ ጐልማሳ በደሴቲቱ ላይ ጩቤውን ይዞ የዱር አሳማ ሲያድን እናያለን፤ አነጋገሩ ሁሉ የአዳኝና የጦረኛ ነው። ከዚሁ ጋር እያፈራረቀ ያለፈ ኑሮውን ያሳየናል፤ ካርቶን በሚሠራ ድርጅት ተቀጥሮ በዕድሜ የሚያንሰው አለቃው ያላግጥበታል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሎክ ወይ ተቀምጧል፥ ወይ ተጋድሟል፤ እኛም ከቁም ነገር አንቈጥረውም። በመጨረሻ በአውስትራሊያ በረሃ የእግር ጕዞ ሊያደርግ ሄዶ፥ አስጐብኚው አንተን አንወስድም ብሎ ይከለክለዋል። ሎክ ይቈጣል፤ ከጠረጴዛው ፈቀቅ ሲልም የተቀመጠበት ተሽከርካሪ ወንበር ይታያል። ሽባ ነበር። አይሮፕላኑ በወደቀ ዕለት ተነሥቶ ቆመ።

ያን ጊዜ ተመልካቹ ያየውን ሁሉ እንደ ገና ያየዋል። በመጀመሪያው ክፍል ሌላው ሰው ከዝናቡ ሲሸሽ፥ እርሱ ብቻ እጆቹን ዘርግቶ ዝናቡን የተቀበለበት ምክንያት አሁን ይገባዋል። ይህን ለመመለስ አዲስ ሰው አልመጣም፤ አዲስ ዋሻ አልተቈፈረም። ልብ ይሏል፥ ሽባው እንዴት እንደ ተፈወሰ አልተነገረንም። እኛም አልጠየቅንም። የተሰጠን መልስ ከበቂ በላይ ነበርና፥ ያልተሰጠንን በጸጋ ተቀበልን። የቅኔ ተማሪ ይህን ያውቀዋል፤ ወርቁ የሚገኘው ከዚያው ከሰሙ ቃል ውስጥ ነው፤ ከጎረቤት ወርቅ ተበድሮ የሚያመጣ ባለቅኔ የለም።

ከዚህ ጋር የዋሻውን ነገር እናስተያየው። በዚያው ምዕራፍ በስድስተኛው ክፍል ጃክና ጓደኞቹ በዋሻ ውስጥ የሁለት ሰዎች ዐፅም ያገኛሉ፤ ከእነርሱም ጋር አንድ ነጭና አንድ ጥቍር ጠጠር የያዘች ከረጢት አለች። ሐኪሙ ጃክ የልብሱን መበስበስ አይቶ ከሞቱ 40 ወይም 50 ዓመት ይሆናል ይላል። ሎክ አዳምና ሔዋን ብሎ ሰየማቸው። አዘጋጆቹም ይህ ምሥጢር በተገለጠ ጊዜ ታሪኩን ከመጀመሪያው አስበንበት እንደ ነበር ታያላችሁ የሚል ተስፋ ለጋዜጠኞች ሰጡ። ተመልካቹ ስድስት ዓመት ገመተ። በአምስተኛው ምዕራፍ ከመንገደኞቹ አንዳንዶቹ ወደ ኋላ ዘመን ስለ ተመለሱ፥ ከእነርሱ መካከል አንድ ባልና ሚስት በዚያው አርጅተው ሞተው ይሆናል ብሎ የገመተው ብዙ ነበር። ግምቱም መጥፎ አልነበረም።

መልሱ የመጣው በሜይ 11 ቀን 2010፥ ፍጻሜው 12 ቀን ሲቀረው ነው። ሰዎች በላቲን በሚነጋገሩበት በጥንት ዘመን፥ ስም የሌላት፥ እናት ብቻ የምትባል አንዲት ሴት በደሴቲቱ ትኖራለች፤ አሊሰን ጃኒ በመልካም ሁኔታ ተጫውታዋለች። ይህች ሴት መርከቧ የተሰበረባትን ክላውዲያ የተባለች እርጉዝ አዋልዳ መንታ ልጆቿን ነጥቃ ታሳድጋለች። አንደኛው ጄኮብ ይባላል፤ ሁለተኛው ስም እንኳ አልተሰጠውም። ስም የለሹ ካደገ በኋላ አሳዳጊውን ይገድላል፤ ጄኮብም ወንድሙን ወደ ብርሃኑ ዋሻ ይጥለዋል፤ ጥቍሩ ጭስ ከዚያ ይወጣል። ጄኮብ ከዚያ በኋላ የሁለቱን ሬሳ ጐን ለጐን አጋደመ። እነሆ አዳምና ሔዋን! ባልና ሚስት ሳይሆኑ አሳዳጊና ልጅ፤ 50 ዓመት የተባለውም ብዙ መቶ ዓመት ሆነ።

በዓመቱ ስሕተት ብቻ አልከሳቸውም፤ ሐኪም ይሳሳታል። ክሴ ሌላ ነው። ይህችን ሴት ከዚያ ቀን በፊት አይተናት አናውቅም፤ መኖሯንም ሰምተን አናውቅም። የማናውቀውን ነገር በማናውቀው ሰው ተረጐሙልን። ይህ ጕድለት ለአዘጋጆቹም ሳይታወቃቸው የቀረ አይመስለኝም፤ ሬሳዎቹ በተጋደሙ ጊዜ ከስድስት ዓመት በፊት የተቀረጸውን የጃክንና የሎክን ምስል ጣልቃ አስገብተው አሳዩን። የወንበሩ መልስ ግን ተመልካቹን በራሱ እግር ወደ ኋላ መልሶት ነበር፤ ማንም እጁን ይዞ አልጐተተውም።

ስለ ሹክሹክታውና ስለ ቍጥሮቹ ባጭሩ ልለፍ፤ እነርሱም ባጭሩ አልፈውታልና። ሹክሹክታው፥ አንድ የሞተ ሰው ተገልጦ ከደሴቲቱ ወጥተው መሄድ ያልቻሉ ነፍሳት ድምፅ ነው ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰው። ቍጥሮቹ ደግሞ ጄኮብ በቦታው ሊተካቸው ላሰባቸው ሰዎች የሰጣቸው ተራ ቍጥሮች ሆነው ተገኙ። ለምን እነዚህ ቍጥሮች እንጂ ሌሎች እንዳልሆኑ፥ ድምራቸውም ለምን ከ108 ደቂቃ ጋር እንደ ገጠመ ማንም አላነሣውም። ወንድሜ ይህን ስነግረው «ስለዚህ የስም መጥሪያ ነው» አለ፤ የመምህር መልስ ነው።

ወደ ፍሬ ነገሩ ልመለስ። በዚህ ድርሰት ውስጥ ትልቁን ጕዳት የሚያደርሱት ጭሱም ድቡም አይደሉም፤ መልሱን እናውቃለን እያሉ የሚያስገዙ ሰዎች ናቸው። ቤን ሊነስ የተባለው የደሴቲቱ ሰዎች አለቃ ሕዝቡን የሚገዛው ጄኮብ እንዲህ አለኝ እያለ ነው፤ ኋላ ግን ጄኮብን አንድ ቀን እንኳ ፊት ለፊት አይቶት እንደማያውቅ ይገለጣል። ይህ ቤን በአምስተኛው ምዕራፍ ፍጻሜ ከጄኮብ ፊት ይቆማል። ዕድሜዬን ሙሉ ሳገለግልህ እኔን ለምን ረሳኸኝ ብሎ ይጠይቀዋል። ጄኮብ የሰውየውን ጥያቄ መልሶ ለራሱ ይጥልለታል። ቤንም በጩቤ ወጋው። ይህን ያየ ሰው ነፍሰ ገዳዩን ይኰንነዋል፤ ነገር ግን ልቡ በጥቂቱ ከእርሱ ጋር ይሆናል።

ሎክስ? እርሱ ከሁሉ የበለጠ ያመነ ሰው ነበር። ደሴቲቱ ለአንድ ጉዳይ መርጣኛለች፥ ጉዳዩም አንድ ቀን ይገለጥልኛል ብሎ ሁሉን ተወ። በመጨረሻ በሎስ አንጀለስ በአንድ ርካሽ ማደሪያ ክፍል ውስጥ ታንቆ ሞተ። በስድስተኛው ምዕራፍ መጀመሪያ የሎክን መልክ የለበሰው ጠላት፥ ሰውየው ሊሞት ሲል በልቡ ያሰበው አልገባኝም የሚል ብቻ እንደ ነበረ ይናገራል። ከድርሰቱ ሁሉ እንደዚህ ያስለቀሰኝ ነገር የለም። ደራሲዎቹ ሰውን በምሥጢር ማስገዛት ምን ያህል ጭካኔ እንደ ሆነ ያውቁ ነበር ማለት ነው። አውቀውም ጽፈውታል፤ አሳምረውም ጽፈውታል።

ታዲያ ያችን አሳዳጊ እናት አስታውሱ። ክላውዲያ ማን ነሽ፥ እንዴት መጣሽ፥ ሌሎች ሰዎች አሉ ወይ እያለች ስትጠይቃት፥ ሴትዮዋ የምሰጥሽ መልስ ሁሉ ሌላ ጥያቄ ከማምጣት በቀር አይረባሽም በሚል ቃል ዝም ታሰኛታለች። ይህን ስሰማ የተነገረው ለክላውዲያ እንዳልሆነ ገባኝ፤ የተነገረው ለእኛ ነው። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላም ሴትዮዋ ያችን ጠያቂ በድንጋይ መትታ ገደለቻት። ለልጆቹም ከባሕሩ ማዶ ምንም ነገር የለም ብላ ዋሸቻቸው። ደራሲዎቹ የራሳቸውን መከላከያ በውሸታምና በነፍሰ ገዳይ አፍ ሲያኖሩ ምን እንዳሰቡ አላውቅም። በራሳቸው ላይ ፈርደው ከሆነ ፍርዱ ትክክል ነው፤ እኛን መምከራቸው ከሆነ ግን መካሪዋን በደንብ አልመረጡም።

ይህን የምጽፈው ከበደሉ ንጹሕ ሆኜ አይደለም። በአንድ መሥሪያ ቤት የክፍል ሹም በነበርሁበት ጊዜ ሠራተኞቹ የአንዱን ትእዛዝ ምክንያት ሲጠይቁኝ፥ ፊቴን ከበድ አድርጌ «ነገሩ ሰፊ ነው፤ በጊዜው ይገለጣል» እል ነበር። እውነቱ ግን እኔም አላውቅም ነበር። አላውቅም ማለት ያሳንሰኛል ብዬ ፈራሁ። ሰዎቹም በአክብሮት ጸጥ ይሉ ነበር፤ ያን ጸጥታ እንደ ደመወዝ ጭማሪ ወደድሁት። አንዲት ባልቴት ጸሓፊ ብቻ «ጌታዬ፥ ካላወቁት ንገሩን፤ እኛም ሥራችንን እንሥራ» አሉኝ። ያን ጊዜ ተቈጣሁ። ዛሬ የሚሰማኝን ለአንባቢ ትቼዋለሁ።

ድርሰቱ ለምን እንዲህ ሆነ ብለን ብንመረምር የገንዘቡን ነገር መዝለል አይቻልም። በአሜሪካ በማስታወቂያ የሚተዳደር ጣቢያ የተወደደ ድርሰት ሲያገኝ፥ ተመልካች እስካለ ድረስ እንዲያልቅበት አይፈልግም። መንገዱ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ያልተነገረው ነጋዴ ስንቁን መመጠን አይችልም፤ ደራሲም ፍጻሜው መቼ እንደ ሆነ ካላወቀ መልሱን መመጠን አይችልም። የጃክ ንቅሳት ክፍል የመጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ ዋናዎቹ አዘጋጆች ዴመን ሊንደሎፍና ካርልተን ኪውስም ድርሰቱ ቀን ሊቈረጥለት እንደሚገባ ለማስረዳት ያንኑ ክፍል ምሳሌ አድርገው ጠቅሰውታል። በሜይ 2007 ከጣቢያው ጋር ተስማምተው፥ 48 ክፍሎች በሦስት ምዕራፍ ተሠርተው በ2010 እንዲያበቃ ተወሰነ። ወዲያው የደራስያን የሥራ ማቆም አድማ መጥቶ አራተኛውን ምዕራፍ አሳጠረው። በዚህ ሁሉ አዝንላቸዋለሁ፤ ቀን እንዲቈረጥ መጠየቃቸውም ያስመሰግናቸዋል። ግን ቀኑ ከተቈረጠ በኋላ ሦስት ዓመት ነበራቸው። በመጨረሻው ምዕራፍ ላይ እንኳ አዲስ ቤተ መቅደስ፥ አዲስ የመብራት ማማ፥ አይሮፕላኑ ያልወደቀበት አዲስ ሁለተኛ ዓለም አመጡ። ዕዳ የበዛበት ሰው ለመክፈል በተቀጠረበት ቀን አዲስ ብድር ሲጠይቅ እንደ ማየት ነው።

ለእነርሱ የሚከራከሩ ሰዎች ሁለት ነገር ይላሉ። አንደኛው ድርሰቱ ስለ ሰዎቹ እንጂ ስለ ምሥጢሩ አይደለም የሚል ነው፤ አዘጋጆቹም ራሳቸው ይህን ደጋግመው ተናግረዋል። እኔ ግን ሰዎቹንና ምሥጢሩን የሚለይ ግድግዳ አላየሁም። በ2008 የታየውን «ዘ ኮንስታንት» የተባለውን ክፍል ያየ ሰው ይመስክር። ዴዝመንድ የተባለው ሰው አእምሮው በ1996 እና በ2004 መካከል እየተወዛወዘ ሊሞት ይደርሳል፤ የሚያድነው በሁለቱም ዘመን የምታውቀው አንዲት ሰው ማግኘት ብቻ ነው። ያችን ፔኒ የምትባለውን ወዳጁን ከስምንት ዓመት መለያየት በኋላ በገና ዋዜማ በስልክ ያገኛታል። ምሥጢሩ ባይኖር ስልኩ ተራ ስልክ ይሆን ነበር፤ ፍቅሩም ባይኖር ምሥጢሩ የመጽሐፍ ስሌት ሆኖ ይቀር ነበር። እንግዲህ ሁለቱን አጋብተው መጻፍ እንደሚችሉ ካሳዩን በኋላ አንዱን ብቻ ነበር የምንሸጥላችሁ ማለት አይቻላቸውም።

ሁለተኛው ክርክር መልስ ምሥጢርን ይገድላል የሚል ነው። ለዚህም «ትዊን ፒክስ» የተባለውን ድርሰት ይጠቅሳሉ፤ ላውራ ፓልመር የተባለችውን ልጅ ማን ገደላት የሚለው ጥያቄ በ1990 በጣቢያው ግፊት ተመለሰ፥ ድርሰቱም በማግሥቱ ዓመት ተቋረጠ። እውነት ነው። ነገር ግን መልሱ ራሱ አስፈሪና በድርሰቱ ውስጥ ሥር ያለው ነበር፤ የደከመው ከዚያ በኋላ የተጨመረው ነው። ሳይመልሱ መተውም ቢሆን በሐቀኝነት ሊደረግ ይችላል። ሊንደሎፍ ራሱ ከቶም ፔሮታ ጋር ከ2014 እስከ 2017 «ዘ ሌፍት ኦቨርስ» የተባለውን ሌላ ድርሰት ሠርቷል። እዚያ 2 በመቶ የሚሆን የዓለም ሕዝብ በአንድ ቅጽበት ይሰወራል፤ ድርሰቱ ግን ወዴት ሄዱ የሚለውን ለማስገመት አልተሠራም፤ የቀሩት ሰዎች እንዴት እንደ ኖሩ ያሳየናል። ያን ድርሰት አይቼ ቅር አላለኝም፤ አገር አልወሰደብኝማ።

ስለ መጨረሻው ክፍል ሳልናገር ብተወው ግፍ ይሆናል። አለቀስሁ። ያ ሁለተኛ ዓለም፥ ሰዎቹ ሁሉ በየጊዜያቸው ከሞቱ በኋላ እርስ በርሳቸው የሚገናኙበት ስፍራ ሆኖ ተገለጠ። እየተነካኩ ያለፈውን ያስታውሳሉ፤ ይተቃቀፋሉ፤ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ይሰበሰባሉ፤ የማይክል ጃኪኖ ሙዚቃ ልብ ይሰብራል። በወዲያኛው በኩል ጃክ ቈስሎ በቀርከሃው ጫካ ይወድቃል፤ ውሻው መጥቶ አጠገቡ ይተኛል፤ ድርሰቱ በተከፈተ ዓይን እንደ ጀመረ በተከደነ ዓይን ያልቃል። በአሜሪካ ብቻ ከ13 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ያን ሌሊት ተመለከተው፤ የሚያለቅሰው እኔ ብቻ አልነበርሁም።

በማግሥቱ ግን ፊቴን ስታጠብ አንድ ነገር ቀፈፈኝ። ያ ሁሉ ዕንባ የመለሰው ጥያቄ የተጠየቀው በዚያው ዓመት ነበር። ሁለተኛው ዓለም ከስድስተኛው ምዕራፍ በፊት አልነበረም። በጥር ያበደሩትን በግንቦት በወለድ ከፈሉና፥ የስድስት ዓመቱን ዕዳ በመተቃቀፉ መካከል እንድንረሳው አደረጉ። ሞት የሚወዱትን ያልወሰደበት ቤት የለም፤ ሙታን ሲገናኙ አይቶ የማያለቅስ ማን ነው? የእኔ አባትና እናት በዐይኔ ላይ መጡ። ያ ዕንባ የእኔ ነበር፤ ከእኔ ኀዘን የወጣ ነበር፤ እነርሱ ግን በእኔ ዕንባ የራሳቸውን ዕዳ ከፈሉበት። ይህን ይቅር ለማለት ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል፤ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተሳካልኝም።

በዚያው በ2010 ድርሰቱ በዲስክ ታትሞ ሲሸጥ አንዲት አጭር ጭማሪ ተጨምራበት ነበር። በጉዋም ደሴት በአንድ መጋዘን ውስጥ ሁለት ሠራተኞች፥ ለማን እንደሚልኩ ሳያውቁ ለዓመታት ምግብ እያሸጉ ሲልኩ ኖረዋል። ቤን ሊነስ ይመጣና ሥራው አልቋል፥ ሂዱ ይላቸዋል። ሰዎቹ እምቢ ይላሉ፤ ይህን ያህል ዘመን ሠርተን ምንም ሳይነገረን አንሄድም ይላሉ። ቤንም እያንዳንዳችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ ብሎ ይፈቅድላቸዋል። ስለ በረዶ ድቦቹ የቀረው ነገር የተነገረው እዚህ ነው። ለወንድሜ ይህን ስነግረው ከልቡ ሳቀ። «ለመጋዘን ሠራተኞቹ ነገሯቸው? ደግ አደረጉ። ቢያንስ እነርሱ ደመወዝ ይከፈላቸው ነበር» አለ።

በቅርቡ የወንድሜ ትንሿ ልጅ ይህን ድርሰት አግኝታ ጀመረችው። አንድ ቅዳሜ ከቤታቸው ሄጄ አራተኛው ክፍል ላይ ደረስሁ፤ ወንድሜም ከሦስት ዓመቱ ቃል ኪዳን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር። ሎክ ከጠረጴዛው ፈቀቅ ሲልና ወንበሩ ሲታይ ልጅቱ «ውይ!» ብላ የአባቷን ክንድ ያዘች። ወዲያው ወደ መጀመሪያው ክፍል መልሳ የዝናቡን ቦታ ፈልጋ አሳየችን። ከዚያም ዞር ብላ አምስተኛውን ልክፈተው ወይ ብላ ጠየቀችን። እኔ ወንድሜን አየሁት፤ ወንድሜም ቡናው ደርሷል ወይ ብሎ ወደ ማድቤቱ ተጣራ።